በሰው ጠረጴዛ የተለካ ፍሬም

«አርኤክስ 580 ይሻላል ወይስ ጂቲኤክስ 1060?» የሚለው ክርክር ገና አልሞተም። ሁለቱም ካርዶች ከአዲስ ዕቃ መደርደሪያ ከወረዱ ዓመታት አልፈዋል፤ ክርክሩ ግን ከሴኮንድ ሃንድ ዕቃ ጋር ተጭኖ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ደርሷል። ጌም ቤት ሊከፍት ያሰበ ወጣት፣ ለልጁ ኮምፒውተር የሚፈልግ አባት፣ ማታ ማታ ጂቲኤ መጫወት የሚያምረው አስተማሪ፣ ሁሉም ስልካቸውን አውጥተው አንድ ዓይነት ቪዲዮ ያሳያሉ። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ አንዱ ካርድ በቀኝ ሌላው፣ ከላይ የሚሯሯጥ የፍሬም ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ «በዚህ ዋጋ ምርጡ ይሄ ነው» የሚል ፍርድ። ፍርዱ እንደተሰማ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ ይደወላል። ዘመድ መርካቶ ወይም መገናኛ ወርዶ ይገዛል፣ ካርዱም አባይን ተሻግሮ ይመጣል።

እኔ የምጣላው ከዚያ ፍርድ ጋር ነው። በተለይም «ለአንድ ፍሬም ስንት ዶላር ይወጣል» ብሎ የሁሉን አገር ኪስ በአንድ ማካፈል ከሚጨርስ ስሌት ጋር።

በቅድሚያ ለካርዶቹ የሚገባቸውን እንስጥ። ዓመቶቹን በእኛ አቆጣጠር ልጻፋቸው። የኤንቪዲያው ጂቲኤክስ 1060 በሐምሌ 2008 ወጣ፤ ባለ 6 ጊጋባይቱ 1,280 ኮር አለው፣ 120 ዋት ይበላል፣ መነሻ ዋጋው 249 ዶላር ነበር። የኤኤምዲው አርኤክስ 580 በሚያዝያ 2009 ተከተለ፤ 2,304 ኮር፣ 8 ጊጋባይት፣ 185 ዋት፣ 229 ዶላር። (የሁለቱ ድርጅቶች ኮር አሠራሩ ስለሚለያይ ቁጥሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማበላለጥ ከንቱ ነው፤ ሻጮች ግን ያበላልጡታል።) ሲወጡ እኩል ናቸው ማለት ይቻል ነበር። በኋላ ጨዋታዎች የካርድ ሜሞሪ አብዝተው መጠየቅ ሲጀምሩ የ2 ጊጋባይቱ ልዩነት 580ን ወደፊት አወጣው። በመስከረም 2015 ደግሞ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ማይን ማድረግ አበቃ፤ ማይነሮች ጋ ከነበረው ካርድ ብዙው ወደ ሴኮንድ ሃንድ ገበያ ፈሰሰ፣ ከብዛቱ የተነሳ የ580 ዋጋ ወደቀ። ስለዚህ ቪዲዮው «580 ግዛ» ቢል በራሱ ሂሳብ አልተሳሳተም።

ሂሳቡ የተሠራበት ጠረጴዛ ግን የእኛ አይደለም። እዚያ ካርዱ የሚፈተነው በወቅቱ ካሉት ፕሮሰሰሮች ፈጣኑን፣ ትልቅ ራምና የተትረፈረፈ ፓወር ሳፕላይ ይዞ ነው፤ እንዲህ የሚደረገው ሌላው ዕቃ ካርዱን እንዳያስርበት ታስቦ ነው፣ ለሳይንሱ ልክ ነው። ቡሬ ላይ ካርዱ የሚገባበት ሳጥን ግን አብዛኛውን ጊዜ ውጭ አገር ከመሥሪያ ቤት የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ነው፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ፣ 8 ራም። የእነዚህ ማሽኖች ፓወር ሳፕላይ ከ240 እስከ 320 ዋት ባለው ውስጥ ነው። ለ1060 የሚመከረው 400 ዋት፣ ለ580 የሚመከረው 500 ዋት ነው። 580 በተለምዶ ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ የቢሮ ማሽን ውስጥ እንዲህ ያለ ገመድ አይገኝም። ፓወሩን ልቀይር ቢሉ እንደ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ያሉት ማዘርቦርዳቸው የሚቀበለው የራሳቸውን ሶኬት ስለሆነ መቀየሪያ ገመድ ሊፈለግ ነው። ቀጭኑ ኬዝ ከሆነ ደግሞ ካርዱ በቁመቱ አይገባም፤ አለቀ።

እና ምን ይደረጋል? ከሃርድ ዲስክ ገመድ ወደ 8 ፒን የሚቀይር ርካሽ ማያያዣ ይገዛል። የሃርድ ዲስኩ ሳታ ሶኬት የተሠራው 54 ዋት እንዲያስተላልፍ ነው፤ 8 ፒኑ እስከ 150 ይጠይቃል። ገመዱ መቅለጥ ሲጀምር የሚሸተውን ሽታ የጥገና ሰዎች ያውቁታል። በዚያን ጊዜ «ለአንድ ፍሬም ርካሽ» የተባለው ካርድ ፓወር ሳፕላይን፣ አንዳንዴም ማዘርቦርድን ጨምሮ ነው የሚከፈለው። ይህን ወጪ ያካተተ ማነጻጸሪያ አላየሁም።

ጎጃም ውስጥ በሬ የሚገዛ ገበሬ «ከሁለቱ የትኛው ይጠነክራል?» ብሎ ብቻ አይገዛም፤ ቤት ያለውን ጥንድ አስቦ ነው የሚገዛው። ግራፊክስ ካርድም ከፕሮሰሰሩ ጋር ነው የሚጠመደው። የኤኤምዲ ድራይቨር ለብዙ ዓመታት በዳይሬክትኤክስ 11 የተሠሩ ጨዋታዎች ላይ ፕሮሰሰሩን አብዝቶ ያደክም ነበር። ጠንካራ ፕሮሰሰር ባለበት ጠረጴዛ ይህ አይታይም፤ አሮጌ ባለ አራት ኮር ላይ ግን በወረቀት የሚበልጠው 580 ከ1060 ኋላ ሊቀር ይችላል። ዳይሬክትኤክስ 12 ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደካማ ፕሮሰሰርን የሚያደክመው የኤንቪዲያው ይሆናል። እንግዲህ መልሱ በካርዱ ብቻ አይወሰንም። የትኛውን ጨዋታ፣ በየትኛው ፕሮሰሰር የሚለው ከካርዱ ስም ይቀድማል።

የመብራቱን ነገር ሰዎች በቆጣሪ ብቻ ያስቡታል። ሁለቱ ካርዶች በሙሉ ጉልበት ሲሠሩ ልዩነታቸው 65 ዋት ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ በወር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህ ማንንም አያደኸይም። የሚያደኸየው መብራቱ ሄዶ ሲመጣ ነው። ሲመለስ የሚመጣው ቮልቴጅ አንዳንዴ ልክ የለውም፤ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሦስት ማሽንና ሦስት ሞኒተር የሰካ ጌም ቤት በዚያች ቅጽበት ነው የሚከስረው። ዩፒኤስ ገዛሁ የሚልም ቁጥሩን በደንብ ይይ፤ 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ በዋት ሲመነዘር አብዛኛውን ጊዜ 400 አይደርስም። 580 የገባበት ማሽን ከነሞኒተሩ በሙሉ ጉልበት እየሠራ መብራት ቢሄድ፣ ዩፒኤሱ ጨዋታውን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ላይሰጥ ይችላል። የካርድ ዋት እዚህ አገር የኤሌክትሪክ ሂሳብ ጉዳይ አይደለም፤ ከመብራት መቋረጥ የመትረፍ ጉዳይ ነው።

ደግሞስ ምን ሊጫወቱበት ነው? ጌም ቤት ውስጥ ንጉሡ ኳስ ነው። ኤፍሲ 24 ራሱ ቢያንስ የሚጠይቀው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም አርኤክስ 570 ነው። ጂቲኤ 5 ኮምፒውተር ላይ ሲመጣ ይመከር የነበረው ካርድ ባለ 2 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 660 ነበር፤ ከ1060 በሁለት ትውልድ ይቀድማል። ከቢሮ የወጣው ሞኒተር በሰከንድ 60 ምስል ነው የሚያሳየው፤ ካርዱ 110 ቢያወጣ የተረፈው 50 አይታይም። ብዙዎቹም ሞኒተሮች ሙሉ ኤችዲ እንኳ አይደሉም፤ የቪዲዮው ልኬት ግን በሙሉ ኤችዲና ከዚያ በላይ የተወሰደ ነው። ጥራቱ ዝቅ ሲል ሸክሙ ወደ ፕሮሰሰሩ ይዞራል፣ የካርዶቹም ልዩነት ይጠፋል። የጌም ቤት ደንበኛ በጨዋታ ወይም በሰዓት ይከፍላል፤ በፍሬም የከፈለ የለም።

ከፍሬሙ አምልኮ የባሰው የጊጋባይቱ ነው። «ግራፊክሱ ስንት ጊጋ ነው?» ከማለት ውጭ የማይጠይቅ ገዢ፣ «4 ጊጋ» ከማለት ውጭ የማይመልስ ሻጭ። ባለ 4 ጊጋባይት ጂቲ 730 ዲዲአር 3 ከባለ 2 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ጋር ቢወዳደር አቧራውን እንኳ አያየውም፤ ሜሞሪው ብዙ ነው፣ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። ከዚህም የከፋ አለ። ራሱን የቻለ ካርድ የሌለው 8 ራም ማሽን ላይ ዊንዶውስ ከራሙ ግማሹን «ለግራፊክስ ሊጋራ የሚችል» ብሎ ያሳያል። ያንን ቁጥር እያሳየ «4 ጊጋ ግራፊክስ አለው» ብሎ የሚሸጥ አለ፤ የሚገዛውም አለ።

ስሙስ? «1060» የሚለው ስም ባለ 3 ጊጋባይቱንም ይሸፍናል፤ እሱ ግን ሜሞሪው በግማሽ ያነሰ ብቻ ሳይሆን ኮሩም 1,152 ነው። በጥቅምት 2011 ለቻይና ገበያ የወጣው «አርኤክስ 580 2048ኤስፒ» በውስጡ 570 ነው ማለት ይቻላል፤ ዛሬ በርካሽ ከሚገኙት 580ዎች ብዙዎቹ እሱ ናቸው። የለየለት ፎርጅድም አለ፤ የድሮ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ባዮሱ ተለውጦ «1050 ቲአይ» ተብሎ ይሸጣል። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙዎቹን ያጋልጣል፤ በፍላሽ ይዞ ሄዶ ብር ከመቁጠር በፊት ማየት ነው። የማይነር ካርድ ነው ተብሎ ብቻ ግን አይጣልም። ቺፑ እንደሚወራው በቀላሉ አይሞትም፤ የሚያልቀው ፋኑና ፔስቱ ነው፣ እሱም ይቀየራል። (እኛ አገር ቢትኮይን የሚያመርቱት ድርጅቶች ኤሲክ በሚባል ልዩ ማሽን ነው የሚሠሩት፤ «ከእነሱ የወጣ ካርድ ነው» የሚል ደላላ ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ።)

ማነጻጸሪያዎቹ ሁሉ ዝም የሚሉት ስለ ርቀት ነው። ካርዱ ቢበላሽ ወይም ሌላ ሆኖ ቢገኝ ለመመለስ ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መንገዱም ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በፈለጉት ቀን የሚኬድበት አልሆነም። የሴኮንድ ሃንድ ዋስትና ቢሰጥ እንኳ ለጥቂት ቀናት ነው፤ ካርዱ ደርሶ ሳይገጠም ያልቃል። ባሕር ዳር ይቀርባል፣ ምርጫው ግን ያንሳል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ዶላሩም አለ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቪዲዮው ሲቀረጽ 100 ዶላር የነበረ ካርድ ለአሜሪካዊው ተማሪ የቅዳሜና እሁድ ሥራ ነው፤ ለፍኖተ ሰላሙ አስተማሪ ምን እንደሆነ ለራሱ እተወዋለሁ። እሱ ተሳስቶ ሁለተኛ መግዛት አይችልም። መሳሳት የማይችል ሰው የሚመርጠው ካርድ፣ ቢሳሳት ከሚተርፈው ሰው ካርድ ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።

«ቁጥር ባይኖር ገዢው ለደላላ አፍ ይጋለጣል» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፤ ከደላላ ቃል የሰው አገር ልኬት ይሻላል። ነገር ግን ልኬቱ «ይህ ካርድ ከዚያ ይፈጥናል» ይላል እንጂ «ግዛው» የሚለውን አይችልም፤ ያንን የሚጨምረው የቪዲዮው ሰው ነው፣ ሳጥናችንን ሳያይ። «580 ለወደፊቱ ይቆያል» የሚለውም ክርክር ጊዜው አልፎበታል። ኤኤምዲ 580 ያለበትን ፖላሪስ የተባለውን ትውልድ ከ2016 ጀምሮ ወደ ጥገና ብቻ አውርዶታል፤ ኤንቪዲያም የ1060ን ትውልድ በጥቅምት 2018 ከአዳዲስ ጨዋታዎች ድራይቨር አስወጥቶ የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ትቶለታል። የሁለቱም ወደፊት ኋላቸው ነው። ሊኑክስ የሚጠቀም ሰው ካለ ግን 580 እዚያ ጥሩ ዕድሜ አለው፣ ድራይቨሩ ክፍት ነውና። ስለ ድራይቨር ካነሳን፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ አማራ ክልል ለወራት ያለ ሞባይል ኢንተርኔት ሲቆይ ጌም ቤቶች የሠሩት ቀድሞ በሃርድ ዲስክ በተገለበጠ ጨዋታ ነው። ድራይቨሩን ከካርዱ ጋር በፍላሽ አስጭኖ ማስመጣት ከ10 ፍሬም ብልጫ ይበልጣል፤ ይህን የሚነግር ቪዲዮም የለም።

ታወር ኬዝ፣ እውነተኛ 500 ዋት ፓወር ሳፕላይ፣ ሻል ያለ ፕሮሰሰርና ሙሉ ኤችዲ ሞኒተር ያለው ሰው ባለ 2,304 ኮሩን 580 ይግዛ፤ ከእሱ ጋር ጠብ የለኝም። የቢሮ ዴል ይዞ ለሚጠይቀኝ ግን ሁለቱንም ተው እለዋለሁ። 1050 ቲአይ 75 ዋት ነው፣ 750 ቲአይ 60፤ አብዛኞቹ ከማዘርቦርዱ ሌላ ምንም ገመድ አይፈልጉም፣ ለቀጭኑ ኬዝ የሚሆን አጭር ዓይነትም አላቸው። ሁለቱም በቪዲዮው ሰንጠረዥ ግርጌ ናቸው። በተረፈው ብር ስታቢላይዘርና ኤስኤስዲ ይግዛበት፤ ማሽኑ ውስጥ ያለው ያ የሚንጫጫው 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ከሆነ፣ ኳሱ ተከፍቶ እስኪጀመር ደንበኛው ተነስቶ ይሄዳል።