ግማሹ ታሪክ አይበቃንም



በጀመዓችን ውይይት ቻይና ከተነሳች፣ ዕውቀት ፍለጋ እስከዚያ እንድንሄድ የሚያዘው ታዋቂ አባባል መጠቀሱ አይቀርም። የሐዲስ ሊቃውንት ግን ሰነዱ ደዒፍ መሆኑን ገልጸዋል፤ ፈጠራ ነው ያሉትም አሉ። ከዚያ "ነጋዴዎቻችን ቻይና ድረስ ዘልቀው ነበር" ይባላል። እውነት ነው፤ ሆኖም የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው ብለን እናምናለን።

እ.ኤ.አ. በ1998 ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ቤሊቱንግ ደሴት አጠገብ የሰመጠ ጥንታዊ መርከብ ተገኘ። ሳንቃዎቹ በሚስማር የተመቱ ሳይሆኑ በገመድ የተሰፉ ናቸው፤ ይህም በዓረብ ባሕር ዳርቻዎች የታወቀ አሠራር ነው። ጭነቱ ግን የቻይና ነው፦ ወደ 60,000 የሚጠጋ ዕቃ፣ አብዛኛው በቻንግሻ የተሠራ ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን። በአንዱ ሳህን ላይ ከ826 ጋር የሚገጥም የታንግ ዘመን ቀን ተጽፏል። ብዙዎቹ እንዳይሰበሩ በትልልቅ ጋኖች ውስጥ ተደርድረው ነበር። ምህንድስና ለምንማር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ለሩቅ አገር ገበያ ተመሳሳይ ዕቃ በአሥር ሺዎች ማምረት የተደራጀ ባለሙያ ይፈልጋል።

የባለአገሩ ድርሻ በዚህ አያበቃም። በ851 በዓረብኛ የተጻፈ የነጋዴዎች ዘገባ እንደሚለው፣ ዓረቦች ኻንፉ በሚሏት በጓንግዡ ወደብ የቻይና ገዥ በሙስሊሞች መካከል የሚዳኝ ሙስሊም ሾሞ ነበር። ይኸው ሰው በዒድ ያሰግዳል፣ ኹጥባም ያደርጋል። እንግዶቹ በዲናቸው እንዲዳኙ የፈቀደው አገሩን የሚገዛው ነበር። በ879 ገደማ የኋንግ ቻው አማፅያን ከተማዋን ሲይዙ ግን ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም በብዛት ተገደለ፤ ንግዱም ክፉኛ ተናጋ። የመርከበኞቻችን ጥበብ ያንን ሰላም ሊተካ አልቻለም።

ስለዚህ ይህን ታሪክ በመድረካችን ስናነሳ መርከቡን የሰፋውን፣ ሳህኑን የሠራውንና ዳኛውን የሾመውን አብረን እንጥራ። ለሌላው ድርሻ መመስከር የኛን አያሳንስም፤ ፍትሕ ነው። ከተለያየ እምነት ተማሪዎች ጋር በአንድ ግቢ ለምንኖር ደግሞ ይህ ልማድ ያስፈልገናል። ለሐዲስ ሰነድ የምንጠነቀቀውን ያህል ለታሪክም እንጠንቀቅ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይለግሰን።