የአደራ ልጅ

በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ ድንበር ተሻግረው ጋምቤላ ከገቡት መካከል እናት አባት ያልተከተሏቸው ሕፃናት ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹን በኩሌ፣ በቲርኪዲና በሌሎች መጠለያዎች ተቀብለው ያስጠጓቸው፣ ራሳቸው በራሽን የሚኖሩ ስደተኞች ናቸው።

ይህን ማደጎ ማለት ስሕተት ይመስለኛል። ማደጎ ልጁን የራስ ያደርጋል፤ የእነዚህ እናቶች ሥራ ግን አደራ ነው። ቀይ መስቀል ወላጅ ሲያፈላልግ እነርሱ ልጁን ያቆያሉ።

ልጅ ልቀበል የሚል ሰው ይህን ይወቅ። ልጁ ምግብ ይደብቅ ይሆናል፤ ሌሊት ይባንን፣ «አንቺ እናቴ አይደለሽም» ይልም ይሆናል። አሳዳጊው ይህን ሁሉ ታግሦ፣ ልጁ የአባቱንና የአያቱን ስም እንዳይረሳ ያስቆጥረዋል። ከዚያ ልጁ ሲረጋጋ፣ ቤቱንም ሲለምድ፣ «እናቱ ተገኘች» የሚል ወሬ ይመጣል። የደስታውና የለቅሶው ቀን አንድ ነው።

እኛ ከተሜዎች «እናስተምራታለን» ብለን ከገጠር ያመጣናትን ልጅ ስንቴ የቤት ሠራተኛ አድርገን አስቀረናት! ማንም «አደራ በላ» አላለንም። ከጉድለታቸው ቆርሰው የሰው ልጅ የሚያሳድጉትን እነዚያን እናቶች ማመስገን ብቻ አይበቃም። የልጁ ራሽን በጊዜው ይድረሳቸው፤ ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚጠይቃቸው ባለሙያ ይኑር፤ ልጁን ባስረከቡ ማግስትም ብቻቸውን አልቅሰው አይቅሩ።