ዲናሞ ከመቀየራችሁ በፊት አምፔሩን አስሉ

የዛሬው ምክር ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም፤ ምርታችሁን ስለሚጭነው አሮጌ አይሱዙ ነው። በጋራ የገዛችሁም፣ የምትከራዩም ይመለከታችኋል።

ከዱና፣ ከአንጋጫ ወይም ከዶዮገና ማታ ድንች የሚጭን መኪና ማሳ ዳር ብርሃን ይፈልጋል። ስለዚህ ተጨማሪ ፓውዛ ይገጠምለታል። ባትሪው መውደቅ ሲጀምር ደግሞ "ትልቅ ዲናሞ ግዙ" ትባላላችሁ። እኔ አልስማማም። መጀመሪያ መቀየር ያለበት መብራቱ ነው።

እስቲ አብረን እናስላ። ዋቱን ለቮልቱ ስናካፍል አምፔሩን እናገኛለን። ባለ 24 ቮልት መኪና ላይ 70 ዋት የሆኑ 4 የሃሎጅን ፓውዛዎች 280 ዋት፣ ማለትም 12 አምፔር ገደማ ይበላሉ። የመኪናው የራሱ መብራቶች 200 ዋት ቢሆኑ ሌላ 8 አምፔር ነው። ድምሩ 20 አምፔር።

"ዲናሞዬ እኮ 40 አምፔር ነው" ትሉ ይሆናል። 40 የሚሰጠው ግን ሞተሩ ፈጥኖ ሲዞር ነው። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ግማሹን ወይም ከዚያ በታች ነው የሚሰጠው። እናንተ የምትጭኑት ደግሞ መኪናው ቆሞ ነው! የጎደለው ከባትሪ ይወጣል። ከዚያ ሞተሪኖው አልዞር ይላል፣ አዲስ አበባ ለመድረስ ረጅም መንገድ እየቀረ የጠዋቱ ገበያ ያመልጣል፣ ዋጋውን ደላላ ይወስንላችኋል።

እነዚያን ፓውዛዎች 18 ዋት በሆኑ 4 ኤልኢዲዎች ብትተኩ 72 ዋት፣ 3 አምፔር ብቻ ነው። ጥሩ ኤልኢዲ ወደድ ይላል፣ እውነት ነው። ግን ያለውን ዲናሞ ያድንላችኋል።

ባለ 12 ቮልት ፓውዛ ረከሰ ብላችሁ ከአንዱ ባትሪ ብቻ አትሳቡ። አንዱ ሳይሞላ ይቀራል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ይሞታሉ።

ዲናሞው ደክሟል ከማለታችሁ በፊት ቺንጋው መላላቱን፣ የባትሪው ጫፎች መዛጋቸውን እዩ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪዎቹ ላይ ሲለካ ከ27.5 እስከ 28.5 ቮልት ካሳየ ዲናሞው ደህና ነው።

የግድ መግዛት ካለባችሁ ሻጩን "በሚኒሞ ስንት አምፔር ይሰጣል?" ብላችሁ ጠይቁ። ባለ 24 ቮልት መሆኑንና የቺንጋው መዘውር መግጠሙን አረጋግጡ። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደው ሽቦም ለአዲሱ አምፔር የሚበቃ ወፍራም ይሁን፣ ፊውዝም ይኑረው።

በመጨረሻ፣ ጭነው ሲጨርሱ ፓውዛው ይጥፋ። መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣውን ባጃጅ፣ ባለጋሪና እግረኛ ዓይን ያሳውራል። ምርታችን በሰላም ይድረስ፣ ሰውም በሰላም ይግባ።