ሳላማንደርን እሳት ውስጥ ያኖራት ማነው?

ሳላማንደር በአገራችን ስለሌለች አብዛኞቻችን የምናውቃት ከመጽሐፍ ነው። መልኳ እንሽላሊት ይመስላል፤ ዝምድናዋ ግን ከእንቁራሪት ጋር ነው። በአውሮፓ ጫካዎች የምትኖረው፣ በጥቁር ገላዋ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያላት ዓይነት እስከ ዛሬ «የእሳት ሳላማንደር» ትባላለች። ቆዳዋ እርጥብ፣ የምትወደውም እርጥብ ቦታ ሆኖ ሳለ ከእሳት ጋር ምን አገናኛት?

አሪስቶትል በእሳት መሃል ስትሄድ እሳቱን ታጠፋለች እንደሚባል ጽፏል። በጥንት ጊዜ ወደ ግዕዝ የተተረጎመው ፊሳልጎስም በግሪክኛው ከእቶን እሳት ከዳኑት ከሠለስቱ ደቂቅ ጋር ያነጻጽራታል።

ወሬው መነሻ አለው። ሳላማንደር ቀን ቀን የበሰበሰ ግንድ ውስጥ ትደበቃለች። ግንዱ ለማገዶ ተወስዶ እሳት ውስጥ ሲጣል፣ ሙቀቱ ሲሰማት ሮጣ ትወጣለች። ይህን ያየ ሰው «ከእሳት ወጣች» ቢል አይፈረድበትም። ያየው እውነት ነው፤ የሳተው ምክንያቱን ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በ79 እ.ኤ.አ. የሞተው ሮማዊው ፕሊኒ በአንድ ቦታ ሳላማንደር ከቅዝቃዜዋ የተነሳ እሳት ታጠፋለች ይላል። በሌላ ቦታ ደግሞ ነገሩ እውነት ቢሆን ኖሮ ሮም ውስጥ ተሞክሮ ይታወቅ ነበር ይላል። ከእሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ የገለበጡት የቱን መሰላችሁ? የመጀመሪያውን! እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ብራውን ፍም ላይ ስትጣል ወዲያው እንደምትሞት በሙከራ አይቶ የጻፈው በ1646 እ.ኤ.አ. ነው። እስከዚያ ከ1500 ዓመት በላይ እሳት ውስጥ ያኖራት ግልበጣ ነው ማለት ነው።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። ላብራቶሪ ገብተን ያገኘነው ቁጥር ከሃንድ አውቱ ጋር አልገጥም ሲል ምን እናደርጋለን? ቁጥሩን «እናስተካክላለን»፤ ወይም ካለፈው ባች ሪፖርት እንገለብጣለን። ማርክ የሚቆረጠው ያልገጠመ ውጤት ላይ እስከሆነ ድረስ ተማሪው ምን ያድርግ? ይህ የተማሪ ስንፍና ብቻ አይመስለኝም።

ስለዚህ መምህራኖቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ያልገጠመ ውጤት በሐቀኝነት ከተጻፈና ለምን እንዳልገጠመ ከተመረመረ ሙሉ ማርክ ይሰጠው። እኛ ተማሪዎችም ሲኒየር ፕሮጀክት ልንሠራ ገጠር ወጥተን ስለ እስስት ወይም ስለ እባብ ሲነገረን ከመሳቃችን በፊት «ምን አይታችሁ ነው?» ብለን እንጠይቅ። ገበሬው ያየውን ነው የሚነግረን፤ እኛስ?