የተማሪው መንገድም በጀት ይያዝለት
የገጠር ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ሲጨርስ ቀጣዩ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የሚገኘው ወረዳ ከተማ ነው። ስለዚህ ወይ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ በእግሩ ይኳትናል፣ ወይ ሦስት ተሳፋሪ እንዲጭን በተሠራ ባጃጅ ተደራርቦ ይሄዳል፣ አለዚያም የሳምንት ድርቆሹንና ሽሮውን ተሸክሞ ቤት ይከራያል። ጠለፋ የሚፈራ ወላጅ ደግሞ ሴት ልጁን ከናካቴው ያስቀራል። መላው ግን አልጠፋም። የህንዷ ቢሃር ግዛት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ለገቡ ሴት ተማሪዎች የብስክሌት መግዣ ገንዘብ በመስጠቷ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ልጃገረዶች ቁጥር አድጓል። እኛም በሜዳማው አገር ብስክሌት፣ መኪና በሚገባበት ደግሞ በድጎማ ታሪፉ የቀነሰ የተማሪ ሚኒባስ ማቅረብ አያቅተንም። ትምህርት በነጻ ነው ካልን መንገዱን የድሃ ወላጅ ዕዳ አናድርገው፤ የወረዳ ምክር ቤቶች በጀት ሲያጸድቁ ለተማሪ መጓጓዣም ገንዘብ ይመድቡ።