ፓስፖርት ለእናንተ፣ የደም ምርመራ ለቡቺ

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ነገሮች ሆኑ። ሐምሌ 22 ቀን ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ዘለለ። ይሄን ያላወራ ሰው የለም። ሐምሌ 25 ቀን ደግሞ አሜሪካ ውሻ ይዘው ለሚገቡ ሰዎች አዲስ ደንብ ሥራ ላይ አዋለች። ይሄንን እዚህ አገር ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው። ውሻውን ይዞ መውጣት ለሚፈልግ ግን ሁለቱ ዜናዎች አንድ ዜና ናቸው፤ የሚጠየቀው ነገር በዛ፣ የሚከፈልበት ገንዘብ ደግሞ ተወደደ።

«ውሻ ይዞ መውጣት? ሰው መውጫ አጥቶ!» የሚለው ኮሜንት ከወዲሁ ይታየኛል። ይገባኛል። ደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ውሻ በዋነኝነት ግቢ ጠባቂ ነው። ቀን ይተኛል፣ ማታ ይፈታል፣ ጅብ ሲመጣ ይጮኻል፣ ትራፊ ይበላል። እሱን አውሮፕላን ውስጥ አስቡት ቢሏችሁ ያስቃል። ግን የእኛ ዕድሜ ሰው ከውሻ ጋር ያለው ነገር ተቀይሯል። ቡችላ እያለ በካርቶን ያመጣው፣ ሲታመም ያደረለት፣ የስልኩን ጋለሪ በእሱ ፎቶ የሞላ ልጅ በየሰፈሩ አለ። ያ ልጅ ስኮላርሺፕ ሲያገኝ ወይም ቤተሰብ ለመቀላቀል ቪዛ ሲመታለት «ቡቺን ምን ላድርገው?» ማለቱ ቅንጦት አይመስለኝም።

ጥያቄው ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ትኬቱ ስንት ነው?» ነው። ትኬቱ ከጭንቀቱ ሁሉ ትንሹ ነው። ትልቁ ውሻው የተወለደበት አገር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታ በዓመት ወደ 2,700 ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት «ስጋታቸው ዝቅተኛ ነው» ብሎ በዘረዘራቸው አገሮች ውስጥ የለንም። አሜሪካ ደግሞ ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው ተርታ አስገብታናለች። የእናንተ ውሻ ታሞ ባያውቅም፣ ክትባቱን በሰዓቱ ቢወስድም፣ ድንበር ላይ የሚዳኘው በጎረቤቱ ውሻ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ወደ አውሮፓ የሚሄደውን እንይ። አንደኛው ነገር ማይክሮቺፕ ነው፤ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ በመርፌ ከቆዳ ሥር የሚገባ፣ 15 አሃዝ ያለው መለያ። ከዚያ የእብድ ውሻ ክትባት ይከተላል፤ ውሻው ቢያንስ 12 ሳምንት ሊሞላው ይገባል። ሁለቱን በአንድ ቀን መጨረስ ይቻላል፣ ግን ቺፑ ይቀድማል። ከቺፑ በፊት የተሰጠ ክትባት እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ የተወጋው ይሄው ውሻ ይሁን ሌላ ማን ያውቃል? ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደም ይቀዳል። ደሙ ኅብረቱ እውቅና ወደሰጠው ላብራቶሪ ይላካል፤ እንዲህ ያለ ላብራቶሪ እዚህ ስለሌለ ናሙናው ከባለቤቱ ቀድሞ ውጭ አገር ይሄዳል ማለት ነው። ውጤቱ በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት የመከላከያ አቅም ማሳየት አለበት። ካልሞላ እንደገና ክትባት፣ እንደገና ደም። ከሞላ ደግሞ ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ።

ይሄ የሦስት ወር ጥበቃ ብዙዎችን ያናድዳል። «ደሙ አልፏል፣ ታዲያ ምን ቀረ?» ይላሉ። የቀረው ይሄ ነው፦ በሽታው ከተነከሱ በኋላ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ይቆያል። ውሻው ክትባቱን ከመውሰዱ ከሳምንት በፊት በሌላ ውሻ ተነክሶ ከሆነ የደም ምርመራው ጥሩ ሊያሳይ ይችላል፣ በሽታው ግን መንገድ ላይ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ሰውም ሆነ እንስሳ አይተርፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሽታው ካለ እዚሁ አገር ቤት ይውጣ ነው ነገሩ።

አሁን ካሌንደር አውጡ። አንድ የደብረ ማርቆስ ልጅ ከጀርመን ዩኒቨርሲቲ የቅበላ ደብዳቤው ሰኔ 15 ደረሰው እንበል። አልሰነፈም፤ በአምስት ቀን ውስጥ ውሻውን አዲስ አበባ ወስዶ ሰኔ 20 ቺፕና ክትባት አስጨረሰ። ደም የሚቀዳው ቢፈጥን ሐምሌ 20 ነው። ከዚያ ሦስት ወር ሲቆጠር (ጳጉሜን አትርሷት፣ ፈረንጆቹ አያውቋትም) ጥቅምት 17 ላይ እንደርሳለን። ትምህርቱ ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። «እኔ ልቅደም፣ ውሻው በኋላ ይምጣ» ቢል ሌላ ደንብ ይጠብቀዋል፤ ውሻው እንደ ቤት እንስሳ እንዲታይለት ከባለቤቱ ጉዞ በፊት ወይም በኋላ ባሉት አምስት ቀናት ውስጥ መጓዝ አለበት። ካለፈ እንደ ንግድ ዕቃ ይቆጠርና ሌላ መንገድ፣ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ወጪ ይመጣል። እንግዲህ ይሄ ልጅ ምንም ሳያጠፋ ውሻው ቀርቷል። ሊያድነው ይችል የነበረው ብቸኛ ነገር ደብዳቤው ሳይመጣ፣ ገና ሲያመለክት፣ ቺፑንና ክትባቱን ማስጨረስ ነበር። ቢቀርበትም ክትባት የተወጋ ውሻ አለው፤ የከሰረው የቺፑን ብር ብቻ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልንገራችሁ። እንግሊዝም ደሙንና ሦስት ወሩን ትጠይቃለች፣ በዚያ ላይ ለውሻ ከመድረሱ ከአንድ እስከ አምስት ቀን በፊት የኮሶ ትል መድኃኒት። ጃፓን ከደም ምርመራው በኋላ 180 ቀን ታስጠብቃለች። አውስትራሊያ ከእኛ አገር በቀጥታ አትቀበልም።

አሜሪካ በወር አጠር ትላለች፣ በገንዘብ ግን ትከብዳለች። በ2016ቱ ደንብ መሠረት ማንኛውም ውሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ቺፕ ያለው መሆን አለበት። እንደ ኢትዮጵያ ካለ አገር የሚመጣና እዚሁ የተከተበ ከሆነ የክትባቱና የቺፑ ቅጽ በመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ተረጋግጦ መፈረም ይኖርበታል። ደሙ ከመጀመሪያው ክትባት ቢያንስ 30 ቀን በኋላ፣ ከመግባቱ ደግሞ ቢያንስ 28 ቀን በፊት መቀዳት አለበት። የሚያርፈውም በተወሰኑ ኤርፖርቶች ብቻ ነው፤ የእኛ አየር መንገድ ከሚበርባቸው ዋሽንግተን ደለስና አትላንታ አሉበት። እዚያ ሲደርስ ቀድሞ ቦታ በተያዘለት የእንስሳት ማቆያ ተመርምሮ ድጋሚ ይከተባል። የደም ውጤት ከሌለው 28 ቀን ለይቶ ማቆያ ይገባል፣ ሒሳቡ የባለቤቱ ነው። ወረቀቱ ካልተሟላ ደግሞ በባለቤቱ ወጪ ወደመጣበት ይመለሳል።

እዚህ ላይ ዶላሩን አስታውሱ። ከሐምሌ 22 በፊት በባንክ ተመን 5,700 ብር ገደማ የነበረ የ100 ዶላር ክፍያ አሁን ከ10,000 ብር በላይ ነው። ላብራቶሪው፣ ኩሪየሩ፣ ማቆያው፣ የጭነት ሒሳቡ ሁሉም በዚህ ተመን ይባዛል። ደመወዙ ግን በብር ነው።

አሜሪካ ለምን እንዲህ ጠበቀች? እ.ኤ.አ. በ2007 ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈውን የበሽታውን ዓይነት ከአገሯ ማጥፋቷን አውጃለች፤ ተመልሶ እንዲገባ አትፈልግም። የነገሩ ማባባሻ ግን ፎርጅድ ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከ450 በላይ ውሾች የተጭበረበረ የክትባት ማስረጃ ይዘው ሲደርሱ መያዛቸውን ሲዲሲ በመባል የሚታወቀው የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ገልጿል። በ2021 አጋማሽ ከከፍተኛ ስጋት አገሮች ውሻ ማስገባትን አገደ፣ በኋላ ደግሞ አሁን ያለውን ደንብ አመጣ። ወረቀቱን ስላላመነ ደሙን ጠየቀ። መርፌው ሳይነካው ካርድ የሚሞላለትን ውሻ እኛም አገር የምናውቀው ይመስለኛል። «ሐኪሙን ላናግርልህ፣ ቀኑን ወደ ኋላ ይጽፍልሃል» የሚል ሰው ከመጣ አትስሙት፤ ደሙ ይናገራል።

ድመት ያላችሁ ደስ ይበላችሁ። ወደ አውሮፓ ከሆነ ሕጉ ከውሻ እኩል ነው። የአሜሪካው ሲዲሲ ግን ድመትን የእብድ ውሻ ክትባት ማስረጃ አይጠይቅም፤ የየግዛቱንና የአየር መንገዱን ደንብ ማየት ብቻ ነው። ድመት ካነሳን አይቀር፣ ከዚህ አገር በመሄድ በጣም ዝነኛ የሆነችው የቤት እንስሳ ድመት ናት። ከመቅደላ ዘመቻ ማብቂያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1868፣ አንድ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ቤተሰብ ዙላ የምትባል ድመት ይዞ እንደሄደ ይነገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1874 በታተመ የድመቶች መጽሐፍም ሥዕሏ ወጥቷል። ዛሬ ዓለም «አቢሲኒያን» የሚላቸው ውድ ድመቶች ስም ከዚያ ታሪክ ጋር ይያያዛል፣ ምንም እንኳን የዘረመል ጥናቶች ዝርያው ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ እንደመጣ ቢጠቁሙም። ያኔ ቺፕ የለ፣ ደም የለ። ስማችንን ይዛ ሄደች።

ወደ ጎጃም ልመለስ። ደንቡ ላይ የማይጻፍ፣ እኛን ብቻ የሚመለከት ችግር አለ። የእንስሳት ጤና ተቋሞቻችን በዋነኝነት የተሠሩት ለበሬ፣ ለበግና ለዶሮ ነው፤ ያም ትክክል ነው። ቺፕ ማስገባትና ደም አስቀድቶ አቀዝቅዞ ውጭ መላክ ስትፈልጉ ግን ዓባይን ተሻግራችሁ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ መሄድ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ቢያንስ ሦስት ጊዜ፦ ለቺፕና ክትባት፣ ለደም፣ ለመጨረሻው የጤና ማረጋገጫ። ውሻ የሚጭን ሚኒባስ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ባለው ግጭት ምክንያት ደግሞ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። ክትባቱና ደሙ ጋ «ቢያንስ» ስለሚል መዘግየት ያስከፍላል እንጂ አያበላሽም። የአውሮፓው የጤና ማረጋገጫ ግን ከመድረሻው በፊት ባሉት አሥር ቀናት ውስጥ የሚሰጥ ነው፤ እዚያ ላይ መንገድ ከተዘጋ አለቀ። ስለዚህ አዲስ አበባ ዘመድ ካላችሁ ውሻውን ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብላችሁ እዚያ አሳርፉት። በዚያ ወር ሳጥኑን ይልመድ። ሳጥኑ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተኝቶ የሚበቃው መሆን አለበት። ዕድሜውን ሙሉ በግቢ ሲሮጥ የኖረ የሐበሻ ውሻ በበረራው ቀን ድንገት ቢዘጋበት ራሱን ይጎዳል፤ በሩን ክፍት አድርጋችሁ ምግቡን እዚያ ውስጥ ስጡት። ማስተኛ መድኃኒት አትስጡት፤ በበረራ ላይ አተነፋፈሱንና የደም ግፊቱን ሊያውከው ይችላል።

አሁን ወደ ኢኮኖሚክሱ። ይሄ ሁሉ ወጪ ከየት መጣ ብላችሁ ብታስቡ፣ የአንድ ውሻ ችግር አይደለም። በየሰፈሩ ሳይከተቡ የሚዞሩ ውሾች ወጪ ተሰብስቦ፣ ቪዛ ባገኘው ልጅ ላይ የወደቀ ግብር ነው። እሱ ግን በዚህ ግብር ጭራሽ ትንሹን ነው የሚከፍለው። ትልቁን የሚከፍለው የተነከሰው የገበሬ ልጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ናቸው። ያ ልጅ ክትባት ፍለጋ ከተማ ለከተማ ይዞራል፤ ካልተገኘ ወደ ባህል መድኃኒት ይኬዳል፣ ቀኑ ይሄዳል። የወላጁ የሥራ ቀን፣ ትራንስፖርቱ፣ የተሸጠችው በግ የትም ሒሳብ ላይ አይገባም።

መፍትሔው ደግሞ የታወቀ ነው፦ ከአሥር ውሾች ሰባቱን በየጊዜው መከተብ። ሰባ በመቶ ሲደርስ በሽታው የሚሄድበት ያጣል። ሜክሲኮ ለዓመታት በዘመቻ ውሾቿን ከትባ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ የሚተላለፈውን በሽታ ከሰው ላይ እንዳጠፋች በዓለም ጤና ድርጅት የተረጋገጠላት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። ሀብታም ስለሆነች አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ውሻውን ቢያስከትብ ጥቅሙ ለጎረቤቱም ይደርሳል፣ ወጪው ግን የሱ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ሁሉም «ሌላው ያስከትብ» ብሎ የሚቀመጠው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ገበያ አይፈታውም። የከተማ አስተዳደሩና የዞኑ ግብርና ቤት በነፃ ወይም በርካሽ ካላደረጉት ማንም አያደርገውም። እኔ ብጠየቅ ውሻ በመርዝ ለመግደል ከሚወጣው እያንዳንዱ ብር ለክትባት ቢውል እመርጣለሁ፤ የተገደለውን ውሻ ቦታ በጥቂት ወራት ውስጥ ያልተከተበ ቡችላ ይይዘዋል።

ብዙዎቻችሁ ቆጥራችሁ ቆጥራችሁ ቡቺን ለመተው ትወስናላችሁ። በዚህ ማንም አይፈርድባችሁም። ግን ከመሄዳችሁ በፊት አስከትቡት፣ ካርዱን ለሚረከበው ሰው በእጁ ስጡት፣ የሚቀጥለውን ክትባት ቀን ስልኩ ላይ ሙሉለት፣ ብሩንም አብራችሁ ላኩ። ለሚረከበው ሰው አንድ ነገርም ንገሩት፤ የትኛውም ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ከዚያ ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ።