ቦምብ ያልነቀለውን ሐዲድ ስብሰባ ነቀለው

ባለፈው ሳምንት ከአንድ የቆየ ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ወሬ ተነሣ። ወዳጄ የትራንስፖርት ባለሙያ አይደለም። እንደ ሁላችንም በመንገድ መጨናነቅ የተማረረ ሰው ነው። «ይሄንን ነገር ነቅለው መንገዱን ለመኪና ቢያሰፉት ይሻል ነበር» አለኝ። ቀጠለና «ጀርመኖች እንኳ ስንት ዘመን የነበራቸውን ትራም ነቅለው በአውቶቡስ ተክተውታል» ብሎ ክርክሩን ሊዘጋው ሞከረ።

እውነቱን ለመናገር ያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠሁትም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ወዳጄ የጠቀሰው ምሳሌ የእሱን ሐሳብ የሚያፈርስ ሆኖ አገኘሁት። የበርሊን ከተማ ግማሹ ትራሙን ነቅሏል። ሌላው ግማሽ አልነቀለም። የነቀለው ግማሽ ዛሬ እየመለሰ ነው፤ መመለሱም እንደ መንቀሉ አልቀለለውም። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ ስለ በርሊን የትራምና የአውቶቡስ ድርጅት፣ ስለ ቢ.ቪ.ጂ. ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሥሩ እንነሣ።

በርሊን ውስጥ በፈረስ የሚጎተት ትራም የተጀመረው በ1865 ነው። በ1881 ደግሞ ቬርነር ፎን ሲመንስ ያን ጊዜ ከበርሊን ወጣ ያለች በነበረችው በሊችተርፌልደ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትራም ሥራ አስጀመረ። ይህ ትራም ሕዝብን በመደበኛነት በማመላለስ ከዓለም የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል። የምድር ውስጥ ባቡሩ በ1902 ተከተለ፤ ብዙም ሳይቆይ የሞተር አውቶቡስ መጣ።

ችግሩ ሁሉም የየራሱ ባለቤት ነበረው። የትራም ኩባንያዎች ነበሩ፣ የአውቶቡስ ኩባንያ ነበረ፣ የምድር ውስጥ ባቡር ኩባንያ ነበረ። ሁሉም ትርፍ ያለበትን መስመር ይፈልጋል፤ ድሃ ሠራተኛ የሚኖርበትን ዳርቻ የሚፈልግ ግን ብዙ አልነበረም። በ1920 በርሊን በዙሪያዋ ያሉትን ከ90 በላይ ከተሞችና መንደሮች ጠቅልላ ታላቋ በርሊን ስትባል ጥያቄው ፈጦ ወጣ፤ በወረቀት አንድ የሆነች ከተማ በእግርና በጎማስ አንድ የምትሆነው እንዴት ነው?

መልሱ ቶሎ አልመጣም። በ1923 የጀርመን ገንዘብ ዋጋ አጥቶ ወረቀት ሲሆን የከተማው ትራም መስከረም ላይ አንድ ቀን ሙሉ ቆመ። በማግስቱ በአዲስ ኩባንያ ስም ሲነሣ ብዙ መስመሮች ተቋርጠው፣ እጅግ ብዙ ሠራተኞች ተባርረው ነበር። ያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ «ትራም አብቅቶለታል» ቢል የሚከራከረው አይገኝም ነበር። ያንን ልብ በሉልኝ፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ከዚያ ኧርንስት ሮይተር መጣ። በወጣትነቱ ኮሚኒስት የነበረ፣ ኋላ ወደ ሶሻል ዴሞክራቶች የተመለሰ ፖለቲከኛ ነው። ከ1926 ጀምሮ የበርሊን ትራንስፖርት ኃላፊ ሆነ። የሠራው ሥራ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ትኬቱን አንድ አደረገው። በ1927 በትራምም በምድር ውስጥ ባቡርም የሚያገለግል፣ ከአንዱ ወርዶ ሌላው ላይ ለመሳፈር የሚያስችል ባለ 20 ፌኒግ ትኬት ወጣ። ቀጥሎ ሦስቱን ኩባንያዎች አዋሐደና ከጥር 1 ቀን 1929 ጀምሮ ቢ.ቪ.ጂ. የሚባለው የከተማው ድርጅት ሥራ ጀመረ። ትራሙ ብቻ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መስመርና ወደ 4,000 የሚጠጉ ተሽከርካሪዎች ነበሩት።

እኔ የሮይተርን ሥራ ከትልልቅ ድልድዮች አስበልጬ ነው የማየው። ከዳር የሚኖር ሠራተኛ መሃል ከተማ ለመድረስ ሁለት ጊዜ የሚከፍል ከሆነ ከተማዋ ለእሱ ሁለት ከተማ ናት። ሮይተር ይህ ገብቶታል።

ድርጅቱ ግን መልአክ አልነበረም። በኅዳር 1932 የሠራተኛውን የሰዓት ደመወዝ በ2 ፌኒግ ሊቀንስ ሲል ከ20,000 በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ውስጥ የሥራ ማቆም አድማ ተመታ፣ በርሊንም ቆመች። በዚያ አድማ ኮሚኒስቶችና ናዚዎች ጎን ለጎን ቆሙ። ፖሊስ ተኩሶ ሰው ሞተ። አድማው ያለ ውጤት በቀናት ውስጥ ተበተነ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ሂትለር ሥልጣን ያዘ። ሮይተር ታሰረ፣ ማጎሪያ ካምፕ ገባ፣ ከዚያም ወደ ቱርክ ተሰደደ። እሱ ለሁሉም ያወጣው ትኬት በ1942 ለአይሁዶች ተከለከለ፤ ያለ ልዩ ፈቃድ ትራም ላይ መውጣት ወንጀል ሆነባቸው። የሕዝብ ትራንስፖርት «ሕዝብ» የሚለውን ቃል ማን እንደሚተረጉመው የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ። በርሊን ላይ የዘነበውን ቦምብ መዘርዘር አያስፈልግም። በ1945 ጸደይ ላይ የትራም ሽቦው ተበጣጥሶ፣ ተሽከርካሪው ተቃጥሎ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ ዋሻ ውኃ ገብቶበት ነበር። ነገር ግን ከተማዋ እጇን በሰጠችበት በዚያው በግንቦት ወር የመጀመሪያዎቹ ትራሞች ተንቀሳቀሱ። የተራበ ሠራተኛ ሐዲዱን ጠርጎ፣ ሽቦውን ቀጥሎ አስነሣቸው። ቦምብ ትራሙን አቆመው እንጂ አላጠፋውም።

ያጠፋው ሌላ ነገር ነው።

በነሐሴ 1949 ድርጅቱ እንደ ከተማዋ ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ የምዕራብ፣ አንዱ የምሥራቅ። ትራሞቹ ግን ለጊዜው ድንበሩን እየተሻገሩ ሄዱ። በጥር 1953 ይህም አበቃ። አጋጣሚው ያስቃልም ያሳዝናልም። ምሥራቆቹ ሴት ሾፌሮች መድበው ትራም ያስነዱ ነበር። የምዕራቡ ደንብ ደግሞ ሴት ትራም እንዳትነዳ ይከለክላል። ሴት የምትነዳው ትራም ድንበሩ ላይ ስትደርስ የምዕራብ ፖሊስ አላሳልፍ አለ። ከዚያ ወዲያ ተሳፋሪው ድንበሩ ላይ ወርዶ፣ በእግሩ ተሻግሮ፣ ማዶ ሌላ ትራም መያዝ ነበረበት። የበርሊን ግንብ የተሠራው በ1961 ነው፤ ለትራም ተሳፋሪ ግን ግንቡ ስምንት ዓመት ቀድሞ ቆመ።

አሁን ወዳጄ ወደጠቀሰው ነገር ደረስን። ምዕራብ በርሊን ከዚህ በኋላ ትራሙን ቀስ በቀስ ለመንቀል ወሰነች። በግድ የተጫነ ውሳኔ አልነበረም። በነጻ የተመረጠ ምክር ቤት፣ የተማሩ መሐንዲሶች፣ በሰላም ጊዜ ተሰብስበው የወሰኑት ነው። ምክንያታቸውም የሞኝ ምክንያት አልነበረም። ተሽከርካሪዎቹ አርጅተዋል። ብዙ መስመሮች ድንበር ላይ ተቆርጠው መድረሻ አጥተዋል። አውቶቡስ መንገድ እንደ ልብ ይቀይራል። የምድር ውስጥ ባቡር ይፈጥናል። ከሁሉም በላይ ዘመኑ የመኪና ዘመን ነው፤ ትራም ደግሞ ለመኪና እንቅፋት ነው። በዚያ ጊዜ ፓሪስም ለንደንም ትራማቸውን ነቅለው ጨርሰው ነበር። «ዘመናዊ» ማለት ያ ነበር።

ጥቅምት 2 ቀን 1967 የመጨረሻው ትራም፣ መስመር 55፣ ከዙ ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ስፓንዳው ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ሃከንፌልደ ሄደ። ሕዝቡ በመንገዱ ዳር ወጥቶ ሸኘው። ምዕራብ በርሊን ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ትራም ቀረች።

ፍትሐዊ ልሁን። ምዕራቡ ነቅሎ ዝም አላለም። የምድር ውስጥ ባቡሩን በሰፊው ገነባ፤ ሰባተኛው መስመር በ1984 ስፓንዳው ድረስ ደረሰ። ባለ ፎቅ አውቶቡሶቹም የከተማዋ መለያ ሆኑ። ነገር ግን ዋሻ መቆፈር ውድ ነው፤ ሁሉም ሰፈር አይደርስም። ያ የመጨረሻው ትራም የደረሰባት ሃከንፌልደ ዛሬም የምድር ውስጥ ባቡር የላትም። ነዋሪዋ ዛሬም በአውቶቡስ ነው የሚወጣው።

ምሥራቁስ? ምሥራቁ በጥበብ አመለጠ ብዬ ብነግራችሁ እዋሻለሁ። እነሱም ሰፊ ጎዳና ለማሳየት ሲሉ በ1960ዎቹ ከአሌክሳንደርፕላትስ አደባባይ ሐዲዱን አንሥተዋል። ሌላውን ያዳነው እጥረት ነው። ነዳጅ እንደ ልብ የለም፣ በየቦታው ዋሻ ለመቆፈር ገንዘብ የለም፤ በማርዛንና በሆኸንሾንሃውዘን ግን በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ የመኖሪያ ሕንፃ እየተሠራ ነው። ስለዚህ ከቼኮስሎቫኪያ የታትራ ትራም ገዙ፣ አዲስ ሐዲድ ዘረጉ። ድሃው ግማሽ በእጥረቱ ምክንያት ያቆየው ነገር ኋላ የከተማዋ ሀብት ሆነ።

በ1989 ግንቡ ፈረሰ። ጥር 1 ቀን 1992 ሁለቱ ድርጅቶች እንደገና አንድ ቢ.ቪ.ጂ. ሆኑ። ትኬት አንድ፣ ስም አንድ፣ ቢጫ ቀለም አንድ። ሐዲድ ግን በአዋጅ አይበቅልም። ትራም ወደ ምዕራብ የተመለሰው በጥቅምት 1995 በቦርንሆልመር ጎዳና በኩል ነው፤ ግንቡ መጀመሪያ በተከፈተበት በዚያው ድልድይ ላይ። ወደ አሌክሳንደርፕላትስ በ1998 ተመለሰ። በመስከረም 2023 ደግሞ ሞአቢት ውስጥ ወደሚገኘው ቱርምጎዳና ሄደ። ከመስመር 55 ስንብት 56 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ላይ የዓመታት ጥናት፣ ፈቃድ፣ የባለ ሱቅ አቤቱታ፣ የመኪና ማቆሚያ ክርክር አለ። ሲነቀል ይህ ሁሉ አልነበረም።

ዛሬ የበርሊንን የትራም ካርታ ብትከፍቱ ግንቡ የት እንደነበር ማንም ሳይነግራችሁ ታውቃላችሁ። መስመሩ በምሥራቅ እንደ ሸረሪት ድር ነው፤ በምዕራብ ጥቂት ክሮች ብቻ ናቸው። ሲሚንቶው ከፈረሰ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎታል፤ የ1950ዎቹ የስብሰባ ውሳኔ ግን እስካሁን ቆሟል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይኸው ድርጅት በመጋቢት 2019 ለአንድ ቀን ለሴቶች 21 በመቶ የቀነሰ ትኬት ሸጠ፤ ቅናሹ በጀርመን በሴትና በወንድ ደመወዝ መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት ነበር። ሴት ነድታዋለች ተብሎ ትራም በተመለሰበት ከተማ! ደንብ ይለወጣል፣ አስተሳሰብም ይለወጣል። በአንድ ዘመን አስተሳሰብ የተነቀለ ሐዲድ ግን አስተሳሰቡ ሲለወጥ አብሮ አይመለስም። የእኔ ክርክር በአጭሩ ይኸው ነው። መልሶ ለመቀየር ቀላል የሆነን ነገር በዘመኑ ስሜት ብንወስን ግድ የለም፤ መልሶ ለመቀየር ትውልድ የሚፈጅን ነገር ግን በዘመኑ ስሜት መወሰን ልጅን ባለዕዳ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ልመለስ። የእኛ ቀላል ባቡር በ2015 ሥራ ሲጀምር ስንቶቻችን ተሰልፈን እንደተሳፈርን እናስታውሳለን። ዛሬ ብዙዎቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል፤ የሚሄዱትም ሰው ጠቅጥቀው ነው የሚሄዱት። ወዳጄ የተማረረው በእውነተኛ ነገር ነው። ግን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አሰራቸው። «ባቡሩ ለምን አልሠራም?» አንድ ጥያቄ ነው። «ባቡሩ ያስፈልጋል ወይ?» ሌላ ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያው መልሱ መለዋወጫ፣ ጥገና፣ በጀት፣ ተጠያቂነት ነው። ሁለተኛውን የሚመልሱት ደግሞ ከአያት ወይም ከቃሊቲ ተነሥተው በርካሽ ትኬት ሥራ ቦታቸው ለመድረስ የሚጋፉት ሰዎች ናቸው። ተጨናንቆ የሚሄድ ነገር አላስፈላጊ ነው የሚል ሰው ምን እያየ እንደሆነ አላውቅም።

የበርሊን ትራም በ1923 አንድ ቀን ሙሉ ቆሞ፣ ሠራተኛው ተባርሮ እንደነበር ነግሬያችኋለሁ። ስድስት ዓመት ሳይሞላ የዚያ ግዙፍ ድርጅት ዋና አካል ሆነ። ያን ጊዜ የታመመውን እንደ ሞተ ቆጥረው ቢቀብሩት ኖሮ ሮይተር የሚያዋሕደው ነገር ባልነበረው። መድኃኒት ላጣ በሽተኛ መድኃኒት ይፈለግለታል እንጂ መቃብር አይቆፈርለትም።

ወዳጄ ይህን ማንበቡ አይቀርም። መልስ ካለው እሰማለሁ፤ የሚቀጥለው ቡና በእኔ ነው። እናንተም በየቀኑ በባቡሩ የምትሄዱ ካላችሁ የምታዩትን ጻፉልኝ። ይህ ክርክር በመኪና መስኮት ከሚያዩት ይልቅ ቆመው ከሚሳፈሩት ቢሰማ ይሻላል።